ያስለቀቅኩት እድፍ

ውድ እህት ዓለም፣

ከቀበርንሽ ሦስት ወር ሆነ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የእብድ ሥራ ነው እንደምትይኝ አውቃለሁ። ይሁን። በቁምሽ ያልነገርኩሽን አሁንም ካልተናገርኩ አንጀቴ አርሮ ያልቃል።

ማጠቢያ ማሽንሽ ተበላሽቶ አንሶላሽን እኔ ወደምሠራበት ሆቴል ላውንደሪ ያመጣሽ ዕለት ትዝ ይልሻል? ስዘረጋው መሃሉ ላይ ደም አለ። ሃያ ዓመት እድፍ ሳስለቅቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የወይኑን ከሻዩ፣ የዝገቱን ከደሙ በዓይኔ እለያለሁ። የወር አበባሽ ከቆመ ደግሞ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩሽ።

«እኔ እንጃ። ከባሌ ጋር ከተኛሁ በኋላ ጠብ ይላል። ወገቤንም ይዞኛል።»

«ታዲያ ምን ያማርርሻል? ልጅነትሽ ተመልሶ ነዋ!» አልኩሽ።

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አሽቼ አስለቀቅኩልሽ፤ ተኩሼም ሰጠሁሽ። «እጅሽ ይባረክ» አልሽኝ። ያቺ ምርቃት እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

በየሳምንቱ ታመጪልኝ ጀመር። ከደሙ ጋር ፈሳሽ መጥቶ መሽተት ሲጀምር ሽታ ማጥፊያ ጨመርኩበት እንጂ ሐኪም ቤት እንሂድ አላልኩሽም። አፍሬ ነበር፤ ከማፈሬም በላይ ፈርቼ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ ያንቺን የደበቅኩት ግን እኔ ነኝ፣ ስምንት ወር ሙሉ። በመጨረሻ ሲብስብሽ ሐኪም ቤት ሄደን፣ ሐኪሟ የማህፀን በር ካንሰር መሆኑን ነግራን «መድማት የጀመረሽ መቼ ነው?» ስትልሽ፣ ዞረሽ አየሽኝና «በቅርቡ ነው» አልሻት። እኔን ላለማሳጣት ዋሸሽ።

ትናንት ጠዋት የወር አበባዬ ጊዜ ሳይሆን በገዛ አንሶላዬ ላይ የደም ጠብታ አየሁ። እጄ እንደ ልማዱ ሳሙናውን አነሳ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ይህን የምጽፍልሽ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ልጅሽንም አብራኝ እንድትመረመር እየጎተትኩ አምጥቻታለሁ።

«አክስቴ ሙች፣ እኔ ምንም አላመመኝም!» ትላለች።

ነርሷ ሰምታት፣ «ሲጀምር አያምም እኮ የኔ እህት» አለቻት። «ሳያምሽ ስትመጪ ነው የምንደርስልሽ።»

ለእሷ ይደረሳል። ለእኔ ይደረስ አይደረስ አላውቅም።

ተጠራሁ። አንሶላውን በፌስታል ይዤዋለሁ። አላጠብኩትም።

እጇን የመረቅሽላት ታናሽሽ