ስለ አሥራ ስድስት ደቂቃው ፈገግታዎ

ለተከበሩ የሀገራችን መሪ፤

አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም የጉንጭዎን፤ ያን ሁሉ ደቂቃ ሳይዝል ፈገግታ ተሸክሞ መቆየቱ በገበያችን እስከ ዛሬ መነጋገሪያ ነውና። እኔ ወንዝ ዳር ባለው ገበያ ክርና ቁልፍ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ውሎዬን በደብተር የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ የማቀርበው ሁሉ ከዚያው የተገለበጠ ነው።

አንደኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የጫማ ፋብሪካ ሲመርቁ፣ በሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን እያየንዎት ነበር። አንድ ጋሪ ገፊ፣ ግድቡ ተሰንጥቋል፣ ውጡ እያለ ገበያውን አቋርጦ ሮጠ። ወዲያው አንድ ባለሟልዎ በጆሮዎ ሲያንሾካሹኩ አየንና ትንፋሻችንን ውጠን ፊትዎን ጠበቅን። እርስዎም ራስዎን ነቀነቁ፣ ፈገግ አሉ፣ አንድ ጫማ አንስተው ሶሉን ያጥፉ ጀመር። ስለ ሶሉ ጥንካሬ ለሰጡን ሰፊ ማብራሪያ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ ከሻይ ቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት የሚሠራው ልብስ ሰፊ፣ የእህቴ ባል፣ የስፌት መኪናውን ታቅፎ ደረጃውን ወጥቶ ነበር። ፊትዎን ሲያይ ግን፣ እሳቸው እየሳቁ እኔ ልሩጥ እንዴ፣ የሰው መሳቂያ ልሁን አለ። ባለ ሻይ ቤቷም፣ የልጄን ሱሪ ሳትጨርስ የት አባህ ልትሄድ ነው ብላ ቀለደችበት። መኪናውን ይዞ ተመልሶ ወረደ። አራት ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ እርስዎ ሪባን ሲቆርጡ ውሃው ምድር ቤት ገባ። የጨርቅ መደርደሪያ ወድቆበት እግሩ ሁለት ቦታ ከተሰበረ በኋላ በስንት መከራ ጎትተን አወጣነው።

ቃል አቀባይዎ፣ እርስዎ ዝም ያሉት ሕዝቡ እንዳይደናገጥ ነው ብለዋል። እውነት ነው፤ ውሃው ጉልበታችን እስኪደርስ ድረስ እጅግ ተረጋግተን ነበር።

ጎርፉን ያስቁሙልን አላልንም። «ክፉ ነገር ሰምቻለሁ፤ ዝርዝሩን ገና አላወቅሁም፤ ወንዝ ዳር ያላችሁ አሁኑኑ ውጡ» ቢሉን ይበቃን ነበር። ጮክ ብዬ አንብቤ ሞክሬዋለሁ፤ አንድ ትንፋሽ አይሞላም፤ ጫማውንም ከእጅዎ ማስቀመጥ አያስፈልግም።

ሦስተኛውና ዋናው፤ አጣሪ ኮሚቴዎ ምድር ቤት የተገኙትን «ማስጠንቀቂያ ችላ ያሉ» ብሎ ስለ መዘገባቸው ለጎርፍ ተጎጂዎች በሚሠራው አዲሱ ገበያ ቦታ አይሰጣቸውም። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። የእህቴ ባል ችላ አላለም፤ በጋሪ ገፊና በመሪው መካከል መምረጥ ነበረበት፣ መሪውን መረጠ። ስለዚህ ያ ቃል ከዓርብ በፊት ከስሙ ላይ እንዲሰረዝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የግድ በአንድ ሰው ስም ላይ መቀመጥ አለበት ከተባለ ግን፣ ማስጠንቀቂያው በጆሮው የተነገረውን ሰው ሀገር ሁሉ በቴሌቪዥን አይቶታል።

ለፊትዎ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ፣ ለጆሮዎ ያለኝ ግን ገና በማጣራት ላይ የሚገኝ፣
የክርና ቁልፍ ነጋዴው

ማሳሰቢያ፦ ገበያተኛው ተሰብስቦ፣ ከእንግዲህ እርስዎ በቴሌቪዥን ፈገግ ባሉ ቁጥር ዕቃ ሸክፎ ወደ ኮረብታው ለመውጣት በአንድ ድምፅ ወስኗል። እንዲያው ደስ ብሎዎት የሚስቁ ቀን ካለ፣ ሥራ እንዳንፈታ አስቀድመው ያስታውቁን።