ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ

ኅዳር 14፣ ከሰዓት በኋላ
ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ሆቴል

የኔ ሰው፣

እንደምን ሰነበትክ? እጅህ እንዴት ነው? እግርህስ መርገጥ ጀመረ? እኔ ደህና ነኝ። ጉሮሮዬም ደህና ነው፤ ከእኔ በፊት የምትጠይቀው እሱን ስለሆነ አስቀድሜ ልንገርህ።

ዛሬ ኮንሰርት የለንም። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ስቤ ተቀምጫለሁ። እታች ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋል። ክፍሉ ደረቅ ነው፤ ማሞቂያው ምላስን እንደ ቆዳ ያደርቃል። እንደ ልማዴ ፎጣ አርጥቤ ማሞቂያው ላይ አሰጣለሁ፣ የሻወሩን ሙቅ ውሃ ከፍቼ እንፋሎቱ ውስጥ እቀመጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ድምፄን ለመቆጠብ አልናገርም። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ የምፈልገውን በወረቀት ጽፌ ስለማሳየው ዲዳ መስዬው ኖሯል፤ አፉንና ሆዱን እየነካ በምልክት "ቁርስ በልተሻል?" ይለኛል። ከሰዓት በኋላ ድምፄን ሳሟሽ ሰምቶ፣ ማን ሊሆን ነው ብሎ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። በሩን ስከፍትለት እንደ ሐውልት ደርቆ ቀረ። አንተ ብትኖር በሳቅ ትሞት ነበር።

ይህን ሁሉ በስልክ ላጫውትህ ነበር የፈለግኩት። ግን በደወልኩ ቁጥር እህትህ "ተኝቷል" ትለኛለች። ጠዋት ተኝቷል፣ ቀትር ላይም ተኝቷል። እኔ የማውቀው ባሌ ከእንቅልፍ ጋር የተጣላ ሰው ነው። ባለፈው ከጀርባዋ ዶሮ ሲጮህ ሰምቼ "ምነው፣ ጎረቤቶቻችን ዶሮ ማርባት ጀመሩ እንዴ?" ብላት፣ "እ... አዎ" አለችኝ። ምስኪን፣ ውሸት አይሆንላትም።

ያን ክፉ ቀን ወድቀህ ቀኝ ጎንህ ከከዳህ ወዲህ "አንቺ ሂጂ፣ ሌላ ሰው ይጫወትልሽ" ስትለኝ እሺ ያልኩት፣ በሕመምህ ላይ ንዴት እንዳልጨምርብህ ብዬ ነው። አንተ ፒያኖው ላይ ሳትኖር መድረክ ላይ ቆሜ አላውቅማ።

በአንተ ቦታ የሚጫወትልኝ የድሮ ተማሪህ ቀጭኔ ጥሩ ሰው ነው። ሦስት ልጅ ወልዶም አንገቱ አላጠረም። ባቡር ላይ መንገዱን ሙሉ ብስኩት ይበላል፤ ፍርፋሪውን ከኖታዬ ላይ የማራግፈው እኔ ነኝ። አጨዋወቱ ንጹሕ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን አብሮኝ አይተነፍስም ነበር።

ያ ስለ ወንዙ የሚለው ዝግ ያለ ዘፈናችን የመጨረሻው ስንኝ ሳይጀመር ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ አለው። ኖታው ላይ የለም፤ እኔና አንተ ያበጀነው ነው። አንተ በግራ እጅህ ድምፁን ይዘህ ትጠብቀኛለህ። በመጀመሪያው ከተማ ቀጭኔ ሳይጠብቀኝ አለፈ፣ ድምፄም መሃል ላይ ተቆረጠ። ታዳሚው አጨበጨበ፤ ማንም አላወቀም። እኔ ግን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። መታመምህ የገባኝ ያኔ ነው። ሆስፒታል ራስጌህ ተቀምጬ እንኳ እንደዚያ አልገባኝም ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ እዚያው ቦታ ስደርስ ጠበቀኝ። እንዴት አድርጎ እንደጠበቀኝ! ልክ እንዳንተ፣ ዘግየት ብሎ። ዞሬ ፒያኖው ላይ ልፈልግህ ምንም አልቀረኝ። በኋላ "ማን ነገረህ?" ስለው፣ "ለመድኩዎት እትዬ" አለኝ ዓይኑን ሰብሮ።

ከትናንት ወዲያ ከልምምድ በኋላ ሻርፔን ረስቼ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። ሰው የለም። መጋረጃው ጋ ስደርስ ድምፅህን ሰማሁ።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። የቀጭኔ ስልክ ኖታ ማስቀመጫው ላይ ተደግፎ ቆሟል፣ ቀጭኔ ጎንበስ ብሎ ያዳምጥሃል። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ የተነፈግኩት ድምፅ! ቃላቱ እየተጎተቱ ነው የሚወጡት፤ አንዳንዱ ከምላስህ ላይ ይንሸራተታል።

"እዚያ ጋ... አትቸኩልባት" ትለዋለህ። "ትከሻዋ ከፍ ሲል ጠብቃት። እሷ አታውቀውም። ትከሻዋ ነው የሚናገረው።"

"እሺ ጋሼ። ግን ለምን እርስዎ ራስዎ አያነጋግሯቸውም? ወሬያቸው ሁሉ ስለ እርስዎ ነው እኮ።"

ቀጭኔ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠጋ።

"እንዲህ ስናገር ከሰማችኝ ትመጣለች" አልከው። "ከመጣች ደግሞ... ሾርባ ስታጎርሰኝ ትኖራለች። ያን ሁለተኛውን የኮንሰርት ጉዞ እሺ እንድትል አድርግልኝ። ቤቱን ለቅቄያለሁ፤ እህቴ ጋ ነኝ። ፒያኖውንም ለትምህርት ቤቱ ሰጥቻለሁ። የምትመለስበት ነገር... አልተውኩላትም።"

መጋረጃው ውስጥ ፊቴን ቀብሬ ቆምኩ። ብወጣ ስልኩን ትዘጋዋለህ፤ ስለዚህ አልወጣሁም። እስክትጨርስ ሰማሁህ። ምግብ እበላ እንደሆነ ጠየቅከው። ጥቁሩ ቀሚሴ ሰፍቶኝ እንደሆነ ጠየቅከው። "ትንሽ ሰፍቷቸዋል" ሲልህ፣ "ከጀርባ መርፌ ቁልፍ ታድርግበት" አልክ።

ሻርፔን እዚያው ትቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። አናደድከኝ! ለእሱ በየቀኑ የምትሰጠውን ድምፅ ለእኔ ነፈግከኝ። ያን ፒያኖስ እንዴት ቻልክበት? ደረጃውን ሲያወርዱት እንዳይጋጭ ማን ያዘልህ? ቆመህ አየኸው ወይስ ፊትህን አዞርክ?

ትናንት ማምሻውን በኮንሰርቱ ላይ፣ አንተ የምትሰማበት ስልክ ፒያኖው ላይ ክፍት መሆኑን እያወቅኩ ዘፈንኩ። ቀጭኔ ማወቄን አላወቀም። እዚያ ቦታ ስደርስ ትንፋሼን ወሰድኩና አልቀጠልኩም። ቀጭኔ ጠበቀ። አዳራሹም ጠበቀ፤ የሚያስል ሰው እንኳ አልነበረም። አንድ ነገር ትል እንደሆነ ብዬ ነው። ስሜን፣ ወይ "ቀጥይ"። ምንም አላልክም።

ቀጠልኩ። እንደዚያ ዘፍኜ አላውቅም፤ ሰምተህ ከሆነ አንተም ታውቀዋለህ። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሳ። እኔ ለምስጋና ጎንበስ ባልኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ የሚያበራ ስልክ ብቻ ነበር። በኋላ ቀጭኔን ሲያለቅስ አገኘሁት። "አስምለውኝ ነው እትዬ" አለኝ። አልተቆጣሁትም፤ አንተም እንዳትቆጣው።

ዛሬ ጠዋት የጉዞው አስተባባሪ ስትመጣ የሁለተኛውን ጉዞ ውል ፈረምኩላት። እስካሁን ቤቴ ነው የምገባው እያልኩ አስቸግሬያት ነበርና ሴትዮዋ ማመን አቅቷት ብዕሩ እጄ ላይ እያለ ደጋግማ "እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ። ይኸው፣ ያልከው ሆነልህ። "ለአንተ ብዬ ነው" ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ትናንት ያን የመጨረሻ ስንኝ ስዘፍን ቤቱንም፣ ሆስፒታሉንም፣ አንተንም ረስቼ ነበር። ከሁሉ በላይ ልቤን የሰበረው ፒያኖው አይደለም። እውነትህን መሆኑ ነው።

የቤታችን ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አሁን ማን እንደሚኖርበት አላውቅም፤ ቢሆንም አልጥለውም።

ከሁለቱ ጉዞዎች መሃል ክፍት ሳምንት አለኝ። ወደ እህትህ የሚያደርስ ባቡር እንዳለም ጠይቄያለሁ። "ነይ በለኝ" ብዬ አልለምንህም። "አትምጪ" የምትል ከሆነ ግን፣ ቃሉ እየተጎተተም ቢሆን በራስህ አፍ በለኝ። እስከ ማታም ቢወስድብህ ስልኩን ይዤ እጠብቅሃለሁ። ብቻ በሰው አፍ አትሸኘኝ።

እህትህን ሳምልኝ፤ ያገዘችህበት እጇ አይዛል። ለአንተ እግዜር ቀኝህን ይመልስልህ፤ ካልመለሰውም ግራህን አያሳጣህ።

ሚስትህ