በሳፋ የተለወጠችው ቀይ ዶሮ

ይድረስ ለወንድሜ ለጠሀ፣ ወራቤ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። እንደምን ከረምክ? ጉልበትህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይ? የሐጀራስ ዓይን ተሻላት? ከብቱስ፣ እንሰቱስ፣ ጎረቤቱስ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ጥርሴም ሥጋ አልከዳም። ደህና ያልሆነው ሆዴ ነው፤ የታመመውም በልጅህ ነው። ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሀፍሷ ናት። ቃሉን ላለስልሰው ወይ ብትለኝ፣ እንዳለ ጻፊው ብያታለሁ።

ጠሀ፣ የቆርቆሮ ማስታወቂያዎቻችንን አትረሳቸውም። ማንበብ ለማይችለው ገበያተኛ ሥዕሉን እኔ እስላለሁ፣ ለሚያነበው ፊደሉን አንተ ትጽፋለህ። ለፀጉር አስተካካዩ ለጎበዜ መቀስ፣ ለሻይ ቤቱ በራድ፣ ለዶሮ ነጋዴው ቀይ ዶሮ። ስሜን መጻፍ ስለማልችል ቀለሙ ሳይደርቅ ጥጉ ላይ አውራ ጣቴን አትም ነበር። የጎበዜን ስንቆርጥ ቆርቆሮው አውራ ጣቴን ሲሰነጥቀው፣ የሸሚዝህን ጫፍ ቀደህ ያሰርክልኝ አንተ ነህ። ከዚያ ወዲህ ያተምኩት ሁሉ ጠባሳ አለበት።

ሱቆቹ ማስታወቂያቸውን በፕላስቲክ ሲለውጡ አሮጌዎቹን ለምኜ ጓዳዬ አከማቸኋቸው። ሙስአብ ኮሌጅ ሲማር አራት ዓመት እኔ ቤት እንደኖረ ታውቃለህ። አምና፣ ዝገቱ ቤቱን ሞላው፣ ለቆራሌው ልስጠው አለኝ። እሺ ያልኩት እኔው ነኝ። ማታውኑ ሰማያዊ ሳፋ ይዞ መጣና ቆራሌው በለውጡ የሰጠኝ ይኸው አለኝ። መርቄ ተቀበልኩት። እስከ ዛሬ ዉዱእ የማደርገው በሱ ነው።

ባለፈው ወር ሀፍሷ ስልኳን ይዛ መጣች። ፌስቡክ በሚሉት ላይ ሰው የወደደውን የዘመኑን ሥዕል እየለጠፈ ለወዳጁ የሚያሳይበት ቦታ አለ። «አባባ፣ ይቺ ዶሮ የኛ አይደለችም?» አለችኝ። የኛ ናት። ወረቀት ላይ ታትማ፣ መስታወት ገብታ፣ አንዱ ፈረንጅ ሳሎኑ ሰቅሏታል። ሌላው መቀሱን፣ ሌላዋ በራዱን። ደረቴ ተነፋ፤ ስልኩን ይዤ ጭድ ተራን በሙሉ ዞርኩበት። ከዚያ ከሥሩ የተጻፈውን አንብቢልኝ አልኳት። ሀፍሷ ስልኩን አጥፍታ ልትነሳ አለች። ስቆጣት ነው ያነበበችው፤ «ሠዓሊ ሙስአብ ጠሀ» ይላል። የጣቴን አሻራ ደግሞ አጉልቶ ለብቻው ለጥፎ፣ ይህ የእጄ ምልክት ነው ብሎበታል። ለካ ለቆራሌው አልሰጣቸውም፤ ሳፋውንም ራሱ ገዝቶ ነው ያመጣልኝ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ።

ብልህ ሌባ ቢሆን የጣቴን አሻራ ያጠፋው ነበር፤ እሱ ግን አማረውና የራሱ አደረገው። ሀፍሷ አውራ ጣቴን ፎቶ አንስታ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ለጠፈችው። ሰዉም ጠባሳን ከጠባሳ እያስተያየ ይጠይቀው ጀመር። ሙስአብም ጨነቀው፤ ዓርብ ከአንዋር መስጊድ ስመለስ ስኳር ይዞ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዝጎ ለተጣለ ነገር ነፍስ የዘራሁበት እኔ ነኝ፣ ግድ የለም ስምህንም ከታች እጨምራለሁ አለኝ። «ከታች? ዶሮዋን ስስል አባትህ ገና እናትህን አላያትም ነበር» አልኩት። ስኳሩን ይዞ ተመለሰ።

የፊታችን ቅዳሜ ሳምንት አዳራሽ ተከራይቶ ሥዕሎቹን ለእንግዳ ያሳያል። እሄዳለሁ። ሳፋውም አብሮኝ ይሄዳል። እንግዳው ሁሉ ባለበት እግሩ ሥር አስቀምጬ፣ ሳፋህን እንካ፣ ቆርቆሮዬን አምጣ እለዋለሁ። ጎበዜም መቀሱ የኔ ነው፣ ማን ያስቀረኛል ብሏል። ሙስአብ ሽማግሌ እልካለሁ ይላል አሉ። ሽማግሌ አልፈልግም። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አናቱ ላይ ተሸክሞ፣ በጠራራ ፀሐይ አብነት ካለው ቤቱ እስከ ጭድ ተራ፣ የማናቸው ለሚለው ሁሉ የአጎቴ ናቸው እያለ ያምጣ። ያን ቀን ይቅርታውን እሰማለሁ፤ ከዚያ በፊት ጆሮ የለኝም።

ያልተማረ ሽማግሌ ቀባጠረ ማለታቸው አይቀርም። ጣቱ የማን እንደሆነ የምታውቅ አንተ ነህ። መጥተህ መስክር፤ ጉልበትህ እምቢ ካለም ያን ቆንጆ ፊደልህን ጻፍና ላክ። ልጄ ነው ብለህ ዝም ካልክ ግን፣ ያኔ ያሰርክልኝን ጨርቅ ዛሬ እንደፈታኸው እቆጥረዋለሁ።

ሐጀራን ሰላም በልልኝ፤ እሷ ምንም አልበደለችኝም፤ ካለቀሰችም በልጇ ታልቅስ። ልጆቹን ማሂራንና ሰዓደትን ሳምልኝ። ለሙስአብ ሰላምታ የለኝም፤ በእናንተም በኩል እንዳይደርሰው።

ሀፍሷ ስምህን ልጻፍ አለችኝ፣ ከለከልኳት። ከሥር ያለው ቀይ የአውራ ጣት አሻራ የኔ ነው። ልጅህ ከለጠፈው ጋር አስተያየው።

ጭድ ተራ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.