ጌታውን የመታ ዘበኛ

ሰኞ
የእህቴ የስንዱ የደም ምርመራ ውጤት ዛሬም አልደረሰም። ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ነጭ የደም ሴሏን ቆጥረውላታል፤ ዋናው ምርመራ ግን የሚሠራው ባሕር ዳር ስለሆነ ደሟን ወደዚያ ልከዋል። ጉንጮቿ ቀልተዋል። ጣቶቿ አብጠው ቁልፍ መቆለፍ አቅቷታል። እናቴ «ሰውነቷ መከላከል ቢያቅተው ነው» ብላ ማር፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ታበላታለች። ማሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ቡሬ ገበያ ላይ በርበሬ ጥሩ ዋጋ ይዟል፤ እኔ ነጋዴው ግን መጋዘኔን አልከፈትኩም።

ረቡዕ
ሐኪሙ «ፖዘቲቭ ነው» ሲል ስንዱ በዚያ ባበጠ እጇ እጄን ጨበጠችው። ኤች አይ ቪ መስሏት እንደሆነ ገባው። «ያኛው አይደለም፣ እህቴ። ከዚያ ነጻ ነሽ፤ አስቀድመን አይተናል» አላት።
ደሟ ውስጥ ያገኙት ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሰውነት ጀርም የሚመታበት መሣሪያ ማለት ነው። የእሷ የተሠራው ግን በራሷ ሴሎች ላይ ነው። በሽታው ሉፐስ ይባላል። ኩላሊቷን መንካት ጀምሯል። ፈጽሞ አይለቅም፤ ከታከመች ግን ትኖርበታለች። የታዘዘላት ክኒን መከላከያዋን የሚያደክም ነው፤ ቶሎ ካልጀመረች ኩላሊቷ ያልቃል።

ሐሙስ
እናቴ ክኒኑን ደበቀችው። «የደከመን የሚያደክም መድኃኒት? እኔ እያየሁ?»
መጮህ እንደማይጠቅም አውቃለሁ። በመጋዘኔ ምሳሌ ላስረዳት ሞከርኩ።
«ዘበኛው ጌታውን ሌባ መስሎት ቢደበድበው ምን ታደርጊያለሽ?»
«አባርረዋለሁ።»
«ያለ ዘበኛ ማደር አይቻልም። ዱላውን ነው የምንቀማው።»
«እውነተኛው ሌባ ሲመጣስ?»
ሐኪሙም የሚፈራው ይህንኑ ነው። ትኩሳት ካያችሁ በዚያው ቀን አምጧት፣ ጉንፋን የያዘው ሰው አታስጠጉባት ብሏል። ሳልደብቅ ነገርኳት።
«በርበሬህንም እንዲህ ጉድለቱን እየተናገርክ ነው የምትሸጠው?» አለችና ክኒኑን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠችኝ። ስንዱ ያኔውኑ ዋጠች።

ቅዳሜ
እብጠቱ ትንሽ ጎድሏል። ኩላሊቷን ገና አናውቅም።
የገበያ ቀን ስለሆነ የእናቴ ታላቅ፣ አክስቴ ትሁኔ፣ ከደጋ በእግሯ ወርዳ ስንዱን ልትጠይቅ መጣች። ገና ከአጥሩ ሳትገባ ሳሏ ተሰማ። እናቴ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መልሳ አታውቅም። ዛሬ በሩ ላይ ቆመች።
«ተኝታለች፣ እትዬ። ሌላ ቀን።»
አክስቴ ያመጣችውን እንቁላል ከደጃፉ ላይ አስቀመጠች። «ከቀበራችሁ በኋላ ልትጠሩኝ ነው?» ብላ ተመለሰች።
እናቴ በሩን ዘግታ ተደገፈችው።
«ማን ነበር?» አለች ስንዱ ከጓዳ።
«ማንም አይደለም» አለች እናቴ።