ከዘራውን ጭቃ የዋጠበት ቀን

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጀሪካን ታነሺያለሽ? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ? አባባስ እንዴት ናቸው? ይህን የመጨረሻውን እንደ ሌላው ጊዜ «ደህና ናቸው» ብለሽ እንዳታልፊው። እኔ ከንዴት በቀር ሌላ በሽታ የለብኝም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። በየቦታው ያሉ ወፍ ወዳዶች ያዩትን ቆጥረው ይልካሉ፤ እኔ ደግሞ በየዓመቱ የሚሰደዱትን ሽመላዎች መንገድ ካርታ ላይ አሰምራለሁ። በሃምሳ አራት ዓመቴ ከልጆች ጋር ስለምማር እዚህ ያሉት ያገራችን ተማሪዎች «ጋሼ ወፎ» ይሉኛል። ይበሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያላዛነፉ ቆጣሪ ግን አባባ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ከኩሬው ዳር ቆጥረው በደብተር ይጽፋሉ፣ አንቺ በስልክ ትልኪያለሽ።

ባለፈው ሳምንት የአባባን የዘንድሮ ቆጠራ ከአምናው ጋር ሳስተያይ የሠላሳ ስምንቱም ቀን ቁጥር አንድ ሆነብኝ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሰደብኩ። ቀጥሎ ማስታወሻውን አነበብኩ፦ «አሥራ ሰባት ሽመላ። ከዘራዬን ጭቃ ዋጠው።» አምናም ዘንድሮም፣ በዚያው ቀን! ዘንድሮ ዝናብ ጠፍቶ ኩሬው ተሰነጣጠቀ ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ አይደለሽም? ጭቃው ከየት መጣ? ውሸትም እኮ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሰኞ ዕለት ልሰድብሽ ሁለት ገጽ ጽፌ ቀደድኩት። ስደውል ሁልጊዜ «ተኝተዋል» የምትይኝ ትዝ አለኝ። አባባ ወደ ኩሬው መሄድ ትተዋል ማለት ነው። አንቺ እንዳልደነግጥ ብለሽ አሮጌውን ደብተር ገለበጥሽ፤ እኔም ቁጥሩ በሰዓቱ እስከመጣ ድረስ ሳልጠይቅ አሰመርኩት።

አስተማሪዬ፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት፣ «የአምናውስ የእሳቸው ስለመሆኑ በምን አውቃለሁ? የዘጠኙም ዓመት ከጥናቱ ይውጣ» አለችኝ። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር። ተከራክሬ ያገኘሁት አንድ ነገር ነው፦ አባባ በእግራቸው ሄደው የቆጠሩበትን የመጨረሻ ቀን ካወቅኩ፣ ከዚያ በፊት ያለው ይተርፋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥታኛለች።

ስለዚህ ቀኑን ጻፊልኝ። እንዳታሳምሪው። ካመማቸው ምን እንዳመማቸው፣ አንቺንም መለየት ካቃታቸው ያንኑ ጻፊ። መምጣት አልችልም፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ሳይታደስ ከዚህ አገር ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ብመጣስ ምን እፈይዳለሁ? ቀኑን አጥብቄ እፈልገዋለሁ፤ ደብዳቤሽን መክፈቱን ግን ከወዲሁ ፈርቼዋለሁ።

ባለቤትሽን ሲጋራውን ይተው በይልኝ፤ ሳሉ የሱ ነው። ትልቋ ልጅሽ ለፈተናዋ ትበርታ፤ የትንሹን ጉንጭ ሳሚልኝ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የደረስኩበትን ግን እንዳትነግሪያቸው። ሽመላዎቹ መጡ ወይ ብለው ከጠየቁሽ፣ ኩሬው ደርቆባቸው በላያችን አልፈው ሄዱ በያቸው። ይህኛው እንኳ እውነት ነው፤ ከእናንተ ማዶ ያሉት ቆጣሪዎች ሲያርፉ አይተው ጽፈውልኛል።

ወንድምሽ

ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ኅዳር 9 ቀን