ሦስት መንገድ በቃል

ሰኞ፣ የካቲት 3
ወረቀት ሳርም ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። የሒሳብ መምህር ለመሆን ለሚሠለጥኑት ልጆቼ የሰጠሁት አንድ የጂኦሜትሪ ጥያቄ ነበር። "በሦስት መንገድ ፍቱት፤ ከራሳችሁ አምጡ" ብዬ። አመጡ... ሁሉም ያንኑ ሦስት መንገድ! ካምና ተማሪዎች ተቀብለው ሸምድደውታል። ፈጠራም ይሸመደዳል? ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

አንዷ ብቻ፣ ከኋላ የምትቀመጠው ዝምተኛዋ፣ አንድ መንገድ ጽፋለች። እሱም ስህተት። ግን የራሷ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠራኝ። "ወንድሜ፣ የልጆቹ ውጤት ወርዷል። ይቺን የጥያቄ ሰዓትህን ሐሙስ ገብቼ ልያት። ካልሆነች ለፈተና ዝግጅት እንሰጣታለን።"
በሳምንት የሚያስቡባት ሰዓት እሷ ብቻ ናት። ሌላው መገልበጥ ነው። እሷ ከሄደች እኔስ ምን ላስተምር እገባለሁ?

ረቡዕ፣ የካቲት 5
ወሬው ደርሷቸዋል። የክፍል አለቃው ኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎ፣ "መምህር፣ ነገ የድሮውን ጥያቄ ይስጡን። አናሳፍርዎትም" አለኝ።
ልቤ ከጀለ። ለራሴ ምን እዋሻለሁ... ከጀለ። እህቴም ራት ላይ፣ "ታዲያ ምናለበት? አንተ ደግሞ ነገር ታከብዳለህ!"
ደክሞኛል።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
አዲስ ጥያቄ ሰጠሁ። ጎኖቹ የማይመሳሰሉ ባለ አራት ጎን፤ ከአንዱ ማዕዘን በሚነሳ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ስፋቱን እኩል ለሁለት ክፈሉት። ቁጥር የለውም። "ቀመሩ የትኛው ነው?" አለ አንዱ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ።

ዝምተኛዋ ወደ ሰሌዳው ወጣች። ትልቁን የእንጨት ማስመሪያዬን ሰጠኋት። አሰመረች፣ አጠፋች፣ አሰመረች... "ይቅርታ መምህር፣ እዚህ ጋ ያዘኝ።" የክፍል አለቃው ከመቀመጫው፣ "በዚያኛው ጥግ ሞክሪው እንጂ!" ብሎ ጮኸ። ተደወለ። አልተፈታም።

ኃላፊው በሩ ላይ፣ "ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ" ብሎኝ ሄደ። አፈርኩ። የድሮውን ብሰጥ ኖሮስ?

ሐሙስ፣ የካቲት 13
ሰዓቷ ሄደች። የፈተና ዝግጅቱ ሲያልቅ ማስመሪያዬን ልወስድ ገባሁ። ያ ባለ አራት ጎን ሰሌዳው መሀል አለ! በተለያየ እጅ መስመር ተጨምሮበታል። ከጎኑ "አታጥፉት" ይላል። ሰዓቷን የተረከበው መምህር ትምህርቱን ጥግ ላይ አጣቦ ጽፏል። "ምን ላድርግ፣ ልጠርገው ስል ጮኹብኝ" አለኝ እየሳቀ።

ቀርቤ አየሁት። አንድ መስመር ይቀራቸዋል። ጠመኔ አነሳሁ... መልሼ አስቀመጥኩት። ማስመሪያውንም እዚያው ትቼላቸው ወጣሁ።