በደብተርህ የመጨረሻው መስመር

አባዬ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። ከምሠራበት የሪከንባከር መጋዘን ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፍልህ። እግሬ ዝሏል፤ ግን ነገ እጽፋለሁ ማለት ፈራሁ።

ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ የነበረውን አፓርታማህን አስረከብኩ። ወንበርህ እኛ ሳሎን ገብቷል፤ የልጅ ልጅህ ሊያ ሌላ ሰው አታስቀምጥበትም። እኔም እንዳንተ ሆኛለሁ፤ መልእክት ልኬ መልስ ካልመጣ ይጨንቀኛል። እሷ ደርሶኛል በማለት ፋንታ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ትልክልኛለች። አንተ ብትሆን በስንት ንዝንዝ በቃላት ታስጽፋት ነበር።

ምጽዋ በባሕር ኃይል የሬዲዮ ክፍል ሳለህ የሠራኸውን ስህተት የነገርከኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ወደ ሥራ ስትሸኘኝ፣ መኪና ውስጥ። በጦርነቱ ጊዜ ከወዳጅ አገር መርከቦች ጋር በሩሲያኛ መልእክት የምትለዋወጠው አንተ ነበርክ። አንድ ቀን ለአንዱ መርከብ፣ ቁስለኞች ስላሉን ጠብቁን ብለህ ላክህ። ተረኛው ሊቀይርህ ሲመጣ፣ መቀበላቸውን ሳያረጋግጡልህ መዝገቡ ላይ «ደረሰ» ብለህ ፈርመህ ወጣህ። አልደረሳቸውም ነበር። መርከቡ ሄደ፤ ቁስለኞቹ ወደቡ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ዋሉ። ደክሞኝ ነበር አልከኝ።

ከዚያ ወዲያ ከስልክህ አጠገብ ደብተር ጠፍቶ አያውቅም። ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ብለህ እንደላክህ ትጽፍበታለህ፤ መልስ ሲመጣልህ መጨረሻ ላይ «ደረሰ»። እኔ ስስቅብህ ኖርኩ።

ያን የመጨረሻ ቀን መልእክትህን ከሥራ ስወጣ አየሁት። ስትወጪ ደውዪልኝ፣ ምንም አልሆንኩም ይላል። ደክሞኝ ነበር አባዬ። ነገ እደውልለታለሁ ብዬ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ የደወሉልኝ ጎረቤትህ እትዬ አልማዝ ናቸው።

ዕቃህን ስሰበስብ ደብተሩን ገለጥኩት። የመጨረሻው መስመር ላይ ስሜ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ቃልህ አለ። «ደረሰ» የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ስንቴ እስክሪብቶ እንዳነሳሁ አትጠይቀኝ። ግን ያልመለስኩትን እንደመለስኩ አድርጌ እንዴት ልጻፍ? መኪና ውስጥ የነገርከኝ እኮ ይህን እንዳላደርግ ነበር።

ስለዚህ ቦታውን እንዳለ ተውኩት። ከሥሩ የዛሬን ቀን ጻፍኩና፣ «ደርሶኝ ነበር፤ ሳልደውል ቀረሁ» ብዬ ፈረምኩ። ደብተሩ አሁን የኔ ስልክ አጠገብ ነው። ገጹ ሲያልቅ ሌላ እገዛለሁ፤ ያቺን ባዶ ቦታ ግን እስክሞት አልረሳትም።

ልጅህ ሰናይት